ወገብ ድንገት ሲይዝ
ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪዎች የቀረበ የጤና ትምህርት



እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ወገቡ ድንገት ይዞት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዷ ጀሪካን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች፣ ሌላዋ የሊጡን ቡሃቃ ከመሬት ልታነሳ እጇን እንደዘረጋች ይይዛታል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳያነሳ፣ ጫማውን ሲያስር ብቻ ባለበት ይቀራል። መቃናት የለ፣ መራመድ የለ፣ ማስነጠስ እንኳ ያስፈራል። የቤቱ ሰው ይሯሯጣል፤ መኝታ ይነጠፋል፤ «ተኚ፣ እንዳትነቃነቂ» ይባላል። ከጎረቤት አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ስትራፖ ነው ይላል፣ ከደሴ የመጣ ዘመድ ዲስክ ተንሸራቶ ነው ብሎ ይፈርዳል።

እኔ የመጣሁት ስለዚያ ስለተነጠፈው መኝታ ልነግራችሁ ነው። ድንገት የሚይዝ የወገብ ሕመም እጅግ ያስጨንቃል፤ በአብዛኛው ግን አጥንት አልተሰበረም፣ ጅማት አልተበጠሰም፣ ሰውየውም ሽባ አይሆንም። ሰውን ለሳምንታት ከሥራ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ያ የመጀመሪያው ቅጽበት አይደለም። ከዚያ በኋላ ተኝቶ የሚያሳልፋቸው ቀናትና በልቡ የሚያሳድረው ፍርሃት ናቸው። እርግጥ ነው፣ ጊዜ የማይሰጡ ጥቂት አደገኛ ምልክቶች አሉ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ፤ ሳታውቋቸው ከዚህ እንድትነሱ አልፈልግም።

ሕመሙ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ሰውን ከሥራና ከኑሮ በማስቀረት ረገድ የሚስተካከለው ሕመም የለም።

የታችኛው ወገባችን አምስት የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። በየመካከላቸው ዲስክ የሚባለው ዙሪያው ጠንካራ፣ መሃሉ ውሃማ የሆነ አካል አለ። አጥንቶቹን ጅማቶች ያያይዟቸዋል፣ ጡንቻዎች ይደግፏቸዋል፣ በመካከላቸውም ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች ያልፋሉ። ወገብ ሲይዝ ከእነዚህ አንዱ ይቆጣል፤ ያን ጊዜ በአካባቢው ያሉት ጡንቻዎች ወገቡን ለመጠበቅ ብለው ድርቅ ይላሉ። ቀጥ አድርጎ የሚያስቀረን ይህ ድርቀት ነው። ወገባቸውን አሟቸው ከሚመጡ 10 ሰዎች በ9ኙ ላይ ሐኪም «የተበላሸው ይህ ነው» ብሎ ጣቱን የሚያሳርፍበት አንድ ነገር አያገኝም። ይህ ማለት ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ የተሰበረ ነገር ግን የለም።

ታዲያ ለምን በዚያች ቅጽበት? በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ፣ ወገባቸው በድንገት የያዛቸው 999 ሰዎች ከመያዛቸው በፊት በነበሩት ሰዓታት ምን ያደርጉ እንደነበር ተጠይቀው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታትሟል። ከባድ ዕቃ ማንሳት አንዱ ምክንያት ነበር። ወገብን አጣሞ መሥራትና ድካምም ነበሩበት። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው ግን ሐሳብ ተከፋፍሎ መሥራት ነው። ሕመሙ በብዛት የሚነሳበት ሰዓትም ታውቋል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ነው።

ይህን ሳነብ የታየኝ የእኛ አገር ጠዋት ነው። እናት ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። እሳት ልታነድ ታጎነብሳለች፣ አመድ ልትዝቅ ታጎነብሳለች፣ በአጭር መጥረጊያ ቤቱን ልትጠርግ ታጎነብሳለች። ልጅ ያለቅሳል፣ ላሟ ትጮኻለች፣ ተማሪው ቁርስ ይላል። እሷም ፊቷን ወደ ልጁ አዙራ፣ እጇን ወደ ጀሪካኑ ዘርግታ ታነሳለች። ያኔ ይይዛታል። ባሏም ገበያ ሊወርድ ኩንታሉን አህያ ላይ ሲጭን ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ጓደኛው በአንድ በኩል ሳያነሳ እሱ ብቻውን ያነሳዋል።

ጠዋት ራሱ ምክንያት አለው። ሌሊት ተኝተን ስናድር ዲስኩ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ያብጣል። ስንነሳ ከማታው ቁመታችን ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ እንረዝማለን፤ በቆምንበት የመጀመሪያ ሰዓት ከዚያ አብዛኛውን እናጣለን። በዚያ ሰዓት ጎንበስ ስንል ዲስኩና ጅማቶቹ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይወጠራሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከእንቅልፍ በተነሱ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጎንበስ ከማለት እንዲቆጠቡ ተነግሯቸው ሕመማቸው ቀንሷል። ስለዚህ የምመክረው ቀላል ነው። ከመኝታ እንደተነሳችሁ ትንሽ ተራመዱ፣ ውሃ ቀድታችሁ የምታነሱትን፣ እንጨት የምትፈልጡትን፣ ኩንታል የምትጭኑትን ፀሐይ ከወጣችና ሰውነታችሁ ከተፍታታ በኋላ አድርጉት። የማይቻልበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ። በሚቻልበት ቀን ግን አድርጉት።

አሁን ወደዚያች ቅጽበት። ወገባችሁ ሲይዝ በጉልበት ለመቃናት አትታገሉ። የያዛችሁትን ዕቃ ልቀቁት፤ እንስራም ቢሆን ይሰበር። በአቅራቢያ ያለውን ግድግዳ ወይም መደብ ያዙና ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ከዚያ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ወደ መሬት ውረዱ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ባታችሁን በርጩማ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ላይ አሳርፉ፤ ጉልበትና ዳሌ ሲታጠፉ ወገብ ይዝናናል። ይህ ካልተመቻችሁ በጎናችሁ ተኝታችሁ በጉልበቶቻችሁ መካከል ልብስ አድርጉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆዩ። ስትነሱ መጀመሪያ በጎን ተገልበጡ፣ እግራችሁን አውርዱ፣ በክንዳችሁ ገፍታችሁ ተነሱ። ከጀርባ ቀጥ ብሎ መነሳት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል።

ተነስታችሁ ግድግዳ እየያዛችሁም ቢሆን ቤት ውስጥ ጥቂት እርምጃ ሂዱ። ሙቀት ይረዳል፤ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ወይም ለብ ያለ ድንጋይ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ15 ደቂቃ ያህል ወገብ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ በእጅ ይፈተሽ፤ ተጭኖበት አይተኛ፤ ቆዳው ለደነዘዘ ሰው አይደረግ። በእጅ ቀለል አድርጎ ማሸትም አይከፋም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው ነገሩን የሚወስኑት። በ1995 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ወገባቸው የያዛቸው 186 ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ለሁለት ቀን እንዲተኛ ታዘዘ፣ ሁለተኛው ልዩ የወገብ እንቅስቃሴ ተሰጠው፣ ሦስተኛው ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የዘወትር ኑሮውን እንዲቀጥል ተነገረው። ቶሎ የዳነው ሦስተኛው ነው፤ የዘገየው የተኛው ነው። ሁለት ቀን ብቻ መተኛት ያን ያህል ካዘገየ፣ እኛ ዘንድ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚተኛው ምን ይሁን?

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥን ለሕዝቡ አንድ መልእክት ደጋግሞ ተነገረ፤ ወገብህ ሲያምህ አትተኛ፣ ተንቀሳቀስ፣ አትፍራ የሚል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ወገብ ሕመም የሚቀርበው የሠራተኞች የካሣ ጥያቄ ከ15 በመቶ በላይ ቀነሰ። መድኃኒት አልታደለም፣ ሆስፒታል አልተገነባም። ሰው የሚያምነው ነገር ተቀየረ። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህ በእኛም ዘንድ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

ተንቀሳቀሱ ማለት ግን ወዲያውኑ ጀሪካን ተሸከሙ ማለት አይደለም። ቡና ማፍላት ይቻላል፣ ሽንኩርት መክተፍ ይቻላል፣ ከጎረቤት ደርሶ መመለስ ይቻላል። በአንድ ቦታ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቀመጡ፤ ለረጅም ሰዓት መሬት ላይ ተቀምጦ መጫወት በዚያ ሳምንት ይቅር። ትንሽ ማመሙ ጉዳት እየደረሰ ነው ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ይሻለዋል። ብዙዎችን በዓመቱ ውስጥ ተመልሶ ይይዛቸዋል፤ ሲመለስም ያው ነው፣ አዲስ ጥፋት አልተፈጠረም።

ስለ ጸሎት የሚጠይቁኝ አሉ። በእስልምና መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተኝቶ እንዲሰግድ መፈቀዱን ሼኾቻችን ያስተምራሉ። በቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛ ስግደት አይገደድም፤ መቋሚያውም ቆሞ ለሚጸልይ መደገፊያ ነው። ሩኩዑንና ስግደቱን ሕመሙ በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ መልሱ። እንዲያውም በልክ ሲሆን ወገብን ያፍታታል።

መድኃኒትን በሚመለከት አጭር እሆናለሁ። ፓራሲታሞል ለዚህ ሕመም ብዙ አይጠቅምም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ትልቅ ጥናት ፓራሲታሞል የወሰዱትና ባዶ ክኒን የወሰዱት እኩል ጊዜ ወስዶባቸው ነው የዳኑት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ትንሽ ያግዛሉ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት ላለበት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ምክር አይሆኑም። «መርፌ ውጉኝ» ማለትን እንተው። በክኒን የሚሠራውን ሥራ ነው መርፌው የሚሠራው፤ መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው ሲወጋ ደግሞ የእግርን ነርቭ ይጎዳል።

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ እጃቸው የብዙ ሰው ሕመም አስታግሷል። ሆኖም እግሩ የደነዘዘ ሰው፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ከገደል ወይም ከዛፍ የወደቀ ሰው ወገቡ መጠምዘዝና መረገጥ የለበትም። ዋግምት ላይ ደግሞ አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው ከዋለ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል። ይህን ስናገር ማንንም ለማሳፈር አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ሰው በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ኤም አር አይ ሊነሳ አዲስ አበባ ይወርዳል። ውጤቱ ይመጣል፤ ዲስክ አርጅቷል፣ ዲስክ ወጣ ብሏል ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ወገቤ አልቋል» ብሎ እርሻውን ይተዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጥናቶች ስብስብ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን ከ3000 በላይ ሰዎች ምስል መርምሮ ነበር። ከ40 ዓመት ሰዎች 68 በመቶው፣ ከ50 ዓመት ሰዎች 80 በመቶው ዲስካቸው አርጅቶ ተገኘ። አንዳቸውም አያማቸውም ነበር። የዲስክ ማርጀት እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ምስል የሚያስፈልገው ሐኪም ከባድ ነገር ሲጠረጥር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው፤ በሬ የሚሸጠውም ያኔ ቢሆን ይሻላል።

እንግዲህ አደገኛዎቹን ልንገራችሁ፤ ይህን ክፍል ለሌላም ሰው ንገሩልኝ።

ወገቡን የያዘው ሰው ሽንቱ እምቢ ካለው ወይም ሳያውቀው ካመለጠው፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ በሁለቱ ታፋዎቹ መካከልና በመቀመጫው ዙሪያ ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለት እግሩ እየዛለ ከሄደ፣ ያ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ነርቮቹ በአንድነት ተጨምቀዋል ማለት ነው፤ ለቀዶ ሕክምናው ያለው ጊዜ በሰዓታት ይቆጠራል። ሐፍረት አይያዛችሁ። ማታም ቢሆን ወደ ሐይቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሂዱ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ «ነገ ጠዋት እንየው» የሚያሰኝ ርቀት አይደለም።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ሕመሙ ድንገት ሳይሆን በሳምንታት እየባሰ ከመጣ፣ ሌሊት ካላስተኛ፣ ትኩሳትና ሌሊት ማላብ ካለ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ወይም አከርካሪው ላይ ጉብታ ከታየ የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት። ሳል ሳይኖርም ይሆናል። በአገራችን አለ፤ ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ትኩሳትና የወገብ ሕመም ከያዘው ብሩሴሎሲስም ሊሆን ስለሚችል ይህን ልማዱን ለሐኪሙ ይንገር። ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ነፍሰ ጡር ላይ እየመጣ የሚሄድ የወገብ ቁርጠት፣ ከጎን ተነስቶ ወደ ብልት የሚወርድ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ እነዚህም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለባቸው። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ትነግራችኋለች።

የቀረኝ ስለ ሸክሙ ነው፤ እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የአምባሰልን አገር ታውቁታላችሁ። ቤቱ ጉብታ ላይ፣ ምንጩ ሸለቆ ውስጥ። ጀሪካኑ ባዶውን ይወርዳል፣ ሞልቶ ይወጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ስሌት አንድ ሰው ያለ ስጋት እንዲያነሳ የሚመከረው ትልቁ ክብደት፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶለት፣ 23 ኪሎ ነው። ዕቃው ከሰውነት 50 ሴንቲሜትር ከራቀ ያው ልክ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ዕቃ ሲነሳ ሆድን ተጠግቶ ይነሳ፤ እጅ ተዘርግቶ አይነሳ፤ ሲያዞሩት እግር ይዙር፣ ወገብ አይጠምዘዝ።

ነገር ግን ይህን አስተምሬ ብቻ ብሄድ እውነቱን ሸፍኜ መሄዴ ነው። ስለ አነሳስ ብቻ ማስተማር የወገብ ሕመምን እንደማይቀንስ ብዙ ጥናቶች ተሰባስበው አሳይተዋል። ጠበቅ ያለ መቀነትም ቢሆን የሚያጽናና ይሆናል እንጂ ሕመሙን እንደሚከላከል አልታየም። የሚቀንሰው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ከወገብ ሕመም የዳኑ ሰዎች በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ያህል መራመድን ዓላማ አድርገው ሲለማመዱ ሕመሙ በአማካይ ከ208 ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ያልተለማመዱት ላይ በ112 ቀን ተመልሷል። ይህ ምክር ሱቅ ውስጥ ለሚውለው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለቢሮ ሠራተኛው ነው፤ የሐይቁ ዳር መንገድ ቅርባችሁ ነው፣ ማታ ማታ ሂዱበት። በቀን ሁለቴ ሸለቆ ወርዳ የምትወጣ ሴት ግን የሚጎድላት መራመድ አይደለም።

እሷ የሚጎድላት ሁለተኛው፣ የሸክሙ መቀነስ ነው። 20 ሊትሩ በሁለት ባለ 10 ሊትር ይከፈል። ደረት ላይ በአንድ ገመድ ከሚታሰር በሁለት ትከሻ የሚያዝ ማንገቻ ይሰፋለት። አህያ ያለው ቤት አህያው ውሃ ያምጣ። ምድጃው ከመሬት ተነስቶ በጭቃና በድንጋይ መደብ ላይ እስከ ወገብ ቁመት ከፍ ይበል፤ ምርጥ ምድጃ ያላችሁም መደቡን ሥሩለት። የመጥረጊያው እጀታ ይርዘም። አረምና አጨዳ ላይ በየጊዜው ቀና ይባል፤ በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ሥራ ሲወጣ ትልቁን ድንጋይ አንድ ሰው ብቻውን አያንሳ። ኩንታል የሚሸከሙ ልጆቻችንም እንዲሁ፤ 100 ኪሎ የሁለት ሰው ዕቃ ነው፣ ነጋዴዎችም በ50 ኪሎ ብታስሩት ትችላላችሁ።

በአገራችን ጅጌና ወንፈል ያረጀ ልማድ ነው። እርሻው ለደከመበት ሰው ጎረቤት ወጥቶ ያጭድለታል። ወገቧ ለያዛት እናት ግን ውሃ የሚቀዳላት ጅጌ ሲጠራ አላየሁም። የምትተኛው ለአንድ ቀን ነው፤ በሁለተኛው ቀን ቤቱ ውሃ ስለሌለው ተነስታ ሙሉ ጀሪካን ትሸከማለች። ተኚ ማለትም፣ ተሸከሚ ማለትም ሁለቱም ይጎዷታል። የሚጠቅማት ቀላል ቀላሉን እየሠራች፣ ከባዱን ሌላ ሰው ሲይዝላት ነው።

የቅሬ ዳኞች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አንድ ጉዳይ አንሱልኝ፤ ወገቡን የታመመ ሰው ባለበት ቤት ለሁለት ሳምንት ውሃና እንጨት በተራ የሚያመጣ ሰው ይመደብ። ባሎችና ወንዶች ልጆች ደግሞ ስብሰባውን አትጠብቁ፤ የነገውን ጠዋት ውሃ እናንተ ቅዱ።